«መጥፎ ትእዛዝ» ያለው ኮምፒዩተር

በጓዶች ዘመን የበላይ አካልን «ትእዛዝህ መጥፎ ነው!» ብሎ ፊት ለፊት ተናግሮ በሰላም ያደረ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኮምፒዩተር ነው። አትሳቁ! አምቦ ላይ፣ በገዛ ቢሯችን ውስጥ፣ በዚህ በሁለት ዓይኔ አይቻለሁ። ክፋቱ ምን መሰላችሁ... የተናገረው እሱ፣ በላብ የተጠመቅኩት እኔ!

አንድ ወዳጅ አገር ለአምቦው የግብርና ቢሯችን አንድ ኮምፒዩተር ሰጠ። ሌላ ወዳጅ አገር ደግሞ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት ሌላ ዓይነት ኮምፒዩተር ሰጠ። ሁለቱ ወዳጆቻችን እርስ በርሳቸው ይዋደዱ እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ አጭር ኮርስ ስለወሰድኩ «የኮምፒዩተር ባለሙያ» ተባልኩ። ሥራዬ በአብዛኛው አቧራ መጥረግና ጎብኚ ማሽኑን በጣቱ እንዳይነካካ መከልከል ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት የእንጭኒን ስንዴና የወንጪን ገብስ ምርት ሳይታጨድ የሚተነብይ ፕሮግራም ሠራሁ አለና ከነመፈተኛው በዲስኬት ላከልን። መፈተኛ ማለት ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚያጣሩ ትእዛዞች ከላይ እስከ ታች የተደረደሩበት ፋይል ነው። ውጤቱን እንግዶች ከአዲስ አበባ መጥተው ያያሉ ተባለ። ካለፈ ማሽኑም እኔም አምቦ እንቀራለን። ከወደቀ ማሽኑ ወደ መጋዘን፣ እኔ ወደ ሩቁ በረሃ፣ ወደ ጎዴ! በጎዴ ላይ ቂም የለኝም። ግን ገና አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ባለቤቴ አስቴር አምቦ አስተማሪ ናት፤ የእሷን ዝውውር የሚፈርመው ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ጎዴ ሄድኩ ማለት ከአስቴር ተለየሁ ማለት ነው።

ቀኑ ደረሰ። እንግዶቹ ተኮለኮሉ። የቢሯችን ኃላፊ ኦቦ ገመዳ በሩን ተደግፈው ቆሙ፤ የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ ተስፋሁን ግን አፍንጫው የማሽኑን መስተዋት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዲስኬቱን ከተትኩ፤ ቁልፉን ተጫንኩ። የፕሮግራሙ ስም ብቅ አለ... የዋናው መሥሪያ ቤት ስም ተከተለ... ጭብጨባ! ከዚያ ማሽኑ ቆም አለና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጻፈ። ጓድ ተስፋሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ባድ... ኮማንድ። ባድ መጥፎ ነው። ኮማንድ ትእዛዝ ነው። መጥፎ ትእዛዝ!» ወደ እኔ ዞረ። «ትእዛዙ የመጣው ከየት ነው?»

«ከ... ከበላይ አካል ነው፣ ጓድ።»

«መጥፎ ያለውስ ማን ነው?»

«ማሽኑ ነው ጓድ! እኔ ትንፍሽ አላልኩም!»

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጎዴ ታየችኝ። ማስረዳት ጀመርኩ።

«ጓድ፣ ማሽኑ ውስጥ ትእዛዛችንን እየሰማ የሚያስተረጉም 'ሼል' የሚባል ነገር አለ። የአዲስ አበባው ሼልና የእኛው አይግባቡም። እዚያ ፋይሎቹን ዘርዝር ለማለት 'ኤል ኤስ' ይሉታል፤ የእኛው 'ዲር' ካልተባለ ንቅንቅ አይልም። ችግሩ ያለው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! በዚያ ዘመን፣ መስመር ሲባል የፖለቲካ አቋም ብቻ በሚታየው ካድሬ ፊት «መስመር» ይባላል?

«የመስመር ችግር?!» አለ ጓድ ተስፋሁን። «ይሄ ማሽን የመስመር ችግር አለበት?»

«አይ ጓድ፣ የጽሑፉ መስመር...»

«ቆይ፣ የሰጠን የትኛው አገር ነው?»

ኦቦ ገመዳ በሩን ለቀው ጠጋ አሉ። «ማሎ፣ እባክዎ ጓድ፣ አይቆጡ። የሁለቱ ማሽኖች ነገር እኔና እርስዎ ማለት እኮ ነው! እርስዎ 'ቶሎ!' ይሉኛል፤ እኔ 'ቶሌ' እላለሁ። በእኛ ቋንቋ ቶሌ ማለት እሺ ነው። እሺ ብዬ እቀመጣለሁ፤ እርስዎ ሄደ ብለው ይጠብቁኛል።»

ኦቦ ገመዳ አማርኛን ከእኔ አስበልጠው ነው የሚያቀላጥፉት። አልገባቸው ያለችው አንዲት ቃል «ቶሎ» ብቻ ነበረች፤ እሷም የጓድ ተስፋሁን አፍ ውስጥ ስትሆን ነው። አንደኛው እንግዳ ሳቁን በመሐረብ አፈነ።

«እንግዲያው የሚገባውን ትእዛዝ ስጠዋ!» አለኝ ጓድ ተስፋሁን። «እንግዶቹ ምሳ አላቸው። ቶሎ በል!»

«ቶሌ» አለ አፌ፣ ሳላዘው።

የሚገባው ትእዛዝ የቱ ነው? ያኔ ነው የበራልኝ። እነዚያ መጀመሪያ ብቅ ያሉት ስሞች ያለ ችግር የወጡት «ኤኮ» በምትባል ትእዛዝ ነው። ሁለቱ ሼሎች የሚስማሙባት ትእዛዝ! ሥራዋስ ምንድነው? የነገሯትን መልሳ መናገር ነው። አትመረምር፣ አታሰላ፣ ለምን አትል... በዚያ ዘመን ይሄ ተሰጥኦ የማሽን ብቻ እንዳልነበረ ታውቃላችሁ፤ ስም አልጠራም።

«ምን ልበለው ጓድ?»

«ፈተናው በድል ተጠናቀቀ በለው!»

ከ«ኤኮ» ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፈተናው በድል ተጠናቀቀ» ብዬ ጻፍኩለት። ማሽኑ ምንም ሳያቅማማ፦ ፈተናው በድል ተጠናቀቀ! ጭብጨባው መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

«አያችሁ?» አለ ጓድ ተስፋሁን ደረቱን ነፍቶ። «ነቃ!»

ስለ ስንዴውና ስለ ገብሱ የጠየቀ የለም። እንግዶቹ ምሳቸውን በልተው ወደ ፍል ውሃው ሄዱ። እኔ ወደ ቤት በረርኩና አስቴርን አቅፌ አሽከረከርኳት። «አለፍን! አምቦ ቀረን!» እሷም አለቀሰች፤ እኔም አላፍርም፣ አልቅሻለሁ።

በሳምንቱ ኦቦ ገመዳ አስጠሩኝ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ፣ ለቅሶ ቤት የገቡ በሚመስል ፊት። «እንግዶቹ በሥራህ በጣም ረክተዋል። እንዲህ ያለውን ባለሙያ አምቦ ብቻዋን ልትይዘው አይገባም፣ ሄዶ ልምድ ያካፍል ብለዋል።»

«ማንን ነው የማካፍለው?»

ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «ጎዴን።»

አስቴር ልብሴን ስታጣጥፍ ቆይታ ቀና ብላ አየችኝ። «ብትወድቅ ኖሮ ወዴት ነበር የሚልኩህ?»

«ጎዴ።»

«ታዲያ ማለፍህ ማንን ጠቀመ?»

«ማሽኑን» አልኳት። «ትእዛዙ መጥፎ ነው ያለው እሱ አምቦ ቀረ። የምሄደው እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»