ቢቸና የቀረው ወርቅ

አቋራጭ የሚባለው ነገር በእኛ አገር መልካም ስም የለውም። ትናንት ከሰው ቤት ተጠግቶ የነበረ ሰው ዛሬ ፎቅ ከጀመረ «በአቋራጭ ነው» ይባልና ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ላቡን ጠብ አድርጎ እንደሠራ ቢምል የሚሰማው የለም። ኮምፒውተር የሚባለው እንግዳ ግን ይህን ሐሜት ስላልሰማ፣ አዲስ ፕሮግራም በተጫነ ቁጥር «ስሙን የፕሮግራሞቹ ማውጫ ላይ ልጻፈው? ፊት ለፊትስ አቋራጭ ላብጅልህ?» እያለ በትሕትና ይጠይቃል። እናንተ ምን ትመልሳላችሁ? ምንም። ሳታነቡ «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ» ነው። አትዋሹ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። በዚህች ጥያቄ ላይ የሰው ትዳር ተንጠልጥሎ እስካይ ድረስ ማለቴ ነው።

ቢቸና ውስጥ ምንይችል የሚባል ወዳጅ አለኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነበረው። ሞጣ የምታስተምር ሰብለ የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው፤ የቀረው የአባቷ ፈቃድ ነበር። አባቷ ደግሞ እዚያው ሞጣ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው። ሽማግሌ ሆነን ስንላክ፣ ምላሴ ስለማያርፍ ይሆናል፣ ቃል አቅራቢ የተደረግሁት እኔ ነኝ። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና፣

«የልጁ ስም ማነው አላችሁኝ?» አሉ።

«ምንይችል።»

«እኮ፣ ምን ይችላል?»

ቅኔ ቤት ገብቶ ስም መጥራት አደጋ እንዳለው ያኔ ገባኝ። «ኮምፒውተር ይችላል የኔታ» አልሁ፣ የምለው ጠፍቶኝ።

«እንግዲያው» አሉ፣ ወንድ ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸውን፣ አቧራ እንዳይነካው ነጠላ ለብሶ ጥግ የተቀመጠውን ኮምፒውተር እያሳዩን፤ «ይህ ዕቃ ፈረንጅኛ እንጂ ፊደል አልቆጠረም። ቅኔዬን የምጽፍበት ያድርግልኝና ከዚያ እንነጋገራለን።»

ምንይችል ይህን ሲሰማ በደስታ ሊበር ደረሰ። ለእሱ እኮ የዕለት ሥራው ነው! በቅዳሜው አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ፍላሹን እንደ ማተብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በግንደወይን በኩል ሞጣ ገባን። የኔታ አጠገቡ ተቀመጡ። ሰብለ በሩ ላይ ቆማለች። ፍላሹን ሰካ፤ የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ምልክት ታየች፤ እሱም እየተኩራራ ጫን ጫን አደረጋት።

ፕሮግራሙ አልተከፈተም። በምትኩ አንዲት የእጅ ባትሪ ብቅ አለችና ወዲያና ወዲህ እያለች ታበራ ጀመር።

«ምን ጠፍቶባት ነው?» አሉ የኔታ።

«ፕሮግራሙን እየፈለገች ነው የኔታ» አለ ምንይችል፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«የት ነው ያለው?»

«ቢቸና።»

«ታዲያ ሞጣ ምን ትፈልጋለች?»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ወዳጄ ልቡ ሰብለ ዘንድ ስለነበረ፣ ከራሱ ኮምፒውተር ፊት ላይ ምልክቷን ጎትቶ ፍላሹ ውስጥ ጨምሯት ኖሯል። እሷ ደግሞ ፕሮግራሙ ያለበትን የምትጠቁም አቋራጭ እንጂ ራሷ ፕሮግራም አይደለችም። ይህን ለሠልጣኞቹ ሲያስተምር እኔው ራሴ ሰምቼዋለሁ!

የኔታ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አየህ ልጄ፣ ሰሙን አንጠልጥለህ መጣህ፤ ወርቁ ቢቸና ቀረ። እኔ ደግሞ ልጄን ለሰም አልድርም።»

ስንመለስ ምንይችል መንገዱን ሙሉ ፍላሹን በእጁ ሲያገላብጥ ነበር። እኔም አንጀቴን በላው፤ ቢሆንም ባትሪዋ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ፊቴን ወደ መስኮቱ እያዞርሁ እስቅ ነበር።

በሳምንቱ ዋናውን ፕሮግራም በሲዲ ይዞ ሄደ፤ እኔም ጉዱን ለማየት ተከተልሁ። መጫን እንደጀመረ ያቺ ጥያቄ መጣች። የኔታ ካልተተረጎመልኝ አሉ፤ ተረጎመላቸው።

«አቋራጭ?» ብለው ተቆጡ። «እኔ ቅኔን በአቋራጭ አልተማርሁም!»

«አባባ፣ ሁለቱንም ያድርገው» አለች ሰብለ ከበሩ። «ማውጫው ጓዳ ነው፤ ፊት ለፊቱ ደጃፍ ነው። አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይገባል።»

የኔታ ነገሯ ጣማቸውና እሺ አሉ። የጋብቻውን ነገር ግን «እንተያያለን» ብለው አንጠልጥለውት ቀሩ።

አሁን ነው እንግዲህ ተአምሩ። በሁለተኛው ሳምንት ያቺ የደጃፍ ምልክት ጠፋች። የኔታ በማውጫው በኩል እንዲሞክሩ ቢነገራቸው «በገዛ ቤቴ በጓዳ አልገባም» አሉ። ስልክ ተደወለ፤ ምንይችል ከቢቸና ተጉዞ መጣና አበጅቶ ተመለሰ። ደግሞ ጠፋች፤ ደግሞ መጣ። «ቫይረስ ነው የኔታ» ይላቸዋል፣ እሱም የምሩን። ሥራው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል፤ ግን ከዚያ መንገድ የመጣ ሰው ምሳ ሳይበላ አይሸኝም፣ ሰብለ ታስታጥበዋለች፣ የኔታም የጻፉትን ቅኔ ያነቡለታል። እሱ ቅኔ አያውቅም፤ ማዳመጥ ግን ያውቃል። ወርቁ ያልገባውን «አልገባኝም የኔታ» ይላል። ካነበቡላቸው ሰዎች ሁሉ እንዲህ ያላቸው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እየዋለ እያደረ የኔታ ምልክቷ ሳትጠፋም «ያ ልጅ ምነው ቀረ?» ማለት ጀመሩ። ፋሲካ ሲያልፍ ዳሩለት።

ከሠርጉ ወዲያ በሥራ ጉዳይ ሞጣ ሄጄ ልጠይቃቸው ገባሁ። ኮምፒውተራቸው ላይ አቀርቅረው ይጽፋሉ።

«እንግዳ ነገር ነው» አሉኝ፤ «ልጄን ከዳርሁ ወዲህ ያቺ ምልክት አንድ ቀን እንኳ ጠፍታ አታውቅም።»

«ቫይረሱ ሞቶ ይሆናል የኔታ።»

ዓይናቸውን ከጽሑፋቸው ሳያነሱ፣ «ኧረ አልሞተም» አሉ፤ «ቢቸና ተድሯል።»