የጋሽ ኩራሞቺ የመጨረሻ ጠርሙስ

ከመንገድ ሲመለስ ሳኬና ስብከት ይዞ የሚመጣ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር ካለ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባበታለሁ። ለእኛ ሰፈር የደረሱት ሊቀ ቀማሾች ጋሽ ኩራሞቺ ናቸው።

ባቡር መንዳት ትተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ከሚስታቸው ከእትዬ ፉሳኤ ጋር በተሳፋሪነት አገር ላገር ይዞሩ ነበር። ከየከተማውም የዚያኑ አገር ሳኬ፣ ያንን ከሩዝ የሚጠመቅ መጠጥ፣ አንድ ጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ። ጠርሙሱ ግን እንዲሁ አይከፈትም። መጀመሪያ የወንዙ ታሪክ፣ ቀጥሎ የሩዙ ዘር፣ ከዚያ የጠማቂው አያት አመል ይተረካል። ስኒውን ወደ አፍህ ስታስጠጋ ደግሞ «ቆይ! ምላስህን አስተኛው!» ይሉሃል። አንድ ቀን «ይጣፍጣል» ብቻ ብዬ ሦስት ቀን ኮርፈውኛል። ጠርሙስ ፀሐይ በሚያበላሽበት መስኮት ላይ ረስቼ ያገኙብኝ ጊዜማ «ነፍሰ ገዳይ!» ብለው ሰፈሩን አሰሙብኝ።

እትዬ ፉሳኤ እየቀዱልን፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤታችንን በጥም ልትገድለው ነው!» ይሏቸው ነበር።

እትዬ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ። ጋሽ ኩራሞቺ ጉዞውንም ስብከቱንም ተዉ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ ናፍቆኛል።

ባለፈው እሑድ፣ በእትዬ ሙት ዓመት ቀን፣ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ኩራሞቺ ጠርሙስና ሁለት ስኒ ይዘው ቆመዋል።

«ከኒጋታ አብረን የገዛነው ነው፤ የመጨረሻችን። ሲታሸግ እሳት ያልነካው ስለሆነ፣ እንዳይበላሽ ከፍሪጅ አይውጣ ተብሎ ነበር።»

«ታዲያ የት ነበር?»

«ፎቶዋ ፊት ነዋ። ለእሷ ሳላቀርብ ልቀምስ ኖሯል? ካስቀመጥኩት በኋላ ማንሳት አቃተኝ።» ጎንበስ አሉ። «ብቻዬን ብከፍተውስ ማን ይቀዳልኛል?»

በእኛ ዘንድ ለራሱ የሚቀዳው፣ ሰው የሌለው ብቻ ነው። አስገባኋቸው፤ ከፈትነው። ሳኬው ቢጫ ሆኗል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ጋሽ ኩራሞቺ አልቀመሱም፤ ስኒያቸውን እንደያዙ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። የሚስታቸውን የመጨረሻ ጠርሙስ በገዛ እጃቸው እንዳላበላሹ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ።

ምላሴን አስተኝቼ ዋጥኩት።

«ጋሼ፣ ወንዙ ምላስ ላይ ይታወቃል» አልኩ።

ቀመሱ። «ውሸታም! ኮምጣጤ ነው!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ እንባ ሆነ። አልኮረፉም። ስኒያቸውን ጨልጠው ወደ እኔ ዘረጉ።

«ቅዳልኝ እስቲ። ወንዙን ካነሳህ አይቀር…» ብለው ከምንጩ ጀመሩ።

እስኪመሽ ሰበኩኝ። በየመሐሉ እየቀዳሁ፣ እንዳይጨርሱብኝ ጥያቄ እጨምርላቸው ነበር።