አጋፋሪ ዓባይነህና የአየርላንዶቹ ቄጠማ

በዓለም ላይ ያለ ድግስ ሁሉ፣ ከሠርግ እስከ ተዝካር፣ ሁለት ደጋሽ አለው። አንደኛው ወጪውን የሚችለው ነው። ሁለተኛው ማንም ሳይሾመው በር ላይ ቆሞ «ግቡ! ግቡ! ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ!» የሚለው ነው። ወይንሸት ያገባችው ሁለተኛውን ነው።

ባሏ ክቡር አጋፋሪ ዓባይነህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ይነዳሉ፤ ቅዳሜና እሑድ የሰው ድግስ ይነዳሉ። አንድ ጊዜ ሌክ ሜሪት ዳር የማያውቋቸው ሰዎች ልደት ሲያከብሩ አይተው «ሥጋው እያረረባቸው እኮ ነው!» ብለው ከመኪና ወረዱ። ወይንሸት መጥታ እስክትጎትታቸው ድረስ ሥጋውን ገልብጠው፣ ኬኩን ቆርሰው፣ አርፍደው የመጡትን ተቆጥተው ነበር። ሳን ሆዜ ደግሞ አዳራሽ ተሳስተው የቬትናሞች ሠርግ ገቡ። ስህተቱ እስኪታወቅ የሙሽራውን አጎቶች በየዕድሜያቸው አስቀምጠው ጨርሰዋል። የሙሽራው አባት እያመሰገኑ እስከ መኪናቸው ሸኟቸው።

«ለኔ ተዉት!» ነው መፈክራቸው። ማንም ምንም ሳይዝባቸው።

ስለዚህ በፈረንጆቹ ሰማንያ ሰባት፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ሞሪን ስትጋብዛት ወይንሸት ደስም አላት፣ ሆዷም ፈራ። ሞሪን አላሜዳ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ አብራት የምትሠራ አየርላንዳዊት ናት፤ በዚህ አገር ከሥራ ውጭ «ነይ» ያለቻት የመጀመሪያዋ ፈረንጅ። የአየርላንዶች ማኅበር የቅድስት ብሪጂድን ዋዜማ ያከብራል። ክረምታቸውን የሚያሰናብቱበት ቀን ነው፤ ከቄጠማ መስቀል ይጎነጉናሉ። ቄጠማውን ሞሪን ራሷ ናት ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ያጨደችው።

ወይንሸት ይህን ሁሉ ለባሏ አልነገረችም። ከነገረቻቸው መስቀል አሠራር ሊያስተምሩ ይነሣሉ።

«ስማ፣ ዛሬ ሞሪን ፊት እንዳታዋርደኝ። እንግዳ ነህ። እንግዳ ቁጭ ይላል።»

«ቁጭ እላለሁ አልኩሽ።»

«በጊዮርጊስ በል!»

«ዛሬ እኮ ጊዮርጊስ ነው። ሰው በዕለቱ ይምላል እንዴ?»

ማኅበሩ አዳራሽ ደጅ ደርሰው፣ እሷ ከሞሪን ጋር የድንችና ጎመኑን ድስት ከመኪና ስታወርድ አጋፋሪው ቀድመው ገቡ። ስትደርስ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ካም ኢን! ካም ኢን! ሲት ዳውን፣ ማይ ሲስተር!»

ከኋላቸው ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ለምልሟል። ቄጠማው አንድም ሳይቀር ተጎዝጉዟል፤ አየርላንዶቹ ዝናብ ባራሰው ጫማ ይመላለሱበታል።

«ወይንዬ፣ ጉድ እኮ ነው! በበዓል ቀን ወለሉ ባዶ፣ ቄጠማው ጥግ ላይ እንደታሰረ! ረስተውታል። ምንም አይደል፣ ለኔ ተዉት አልኳቸው።»

ሞሪን ድስቱን አስቀመጠች። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ዝግ ብሎ መጣ። ከሊቀመንበር ሸሽተው ሱዳን ድረስ በእግር የኳተኑት ዓባይነህ፣ ከውቅያኖስ ማዶ ሌላ ሊቀመንበር ፊት ቆሙ።

«ይኼ እኮ ለመስቀሉ ነበር» አለ ሰውዬው። «ሌላ የለንም።»

ወይንሸት ተረጎመችላቸው። አጋፋሪው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው የሚቀመጡበት ወንበር ፈለጉ።

«ባዶ ወለል ላይ በዓል አይገባም ብዬ ነው» አሉ፣ ባርኔጣቸውን እያሻሹ።

«ምን አለሽ?» አለች ሞሪን።

ወይንሸት መዋሸት አማራት። ግን እንዳሉት ተረጎመችው፤ በየቃሉ ያቺን አንዲት የፈረንጅ ጓደኛዋን የምትቀብር እየመሰላት።

ይኼኔ ማሞቂያው አጠገብ የተቀመጡት የሞሪን እናት ወለሉን በከዘራ መቱ።

«እውነቱን ነው! አባቴ ቄጠማውን ይዞ ሲገባ መጀመሪያ ገበታ ሥር ነበር የሚያነጥፈው። እላዩ ላይ እራት እንበላለን፤ መስቀሉ ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ አሜሪካ ገብታችሁ ከጥግ እያነሣችሁ ትጎነጉናላችሁ! ይኼን ሰውዬ እስከ ዛሬ የት ነው የደበቃችሁት?»

ሊቀመንበሩ አሮጊቷን አየ፤ ጭቃ የያዘ ጫማውን አየ፤ ከዚያ አወለቀው። ሞሪን በሳቅ ወይንሸት ትከሻ ላይ ተደፋች። ድንችና ጎመኑ ቄጠማው ላይ ተበላ። ከእራት በኋላ ማኅበርተኛው በሙሉ ተንበርክኮ ያልተረገጠ ዘለላ ለቀመ። ከመስቀሎቹ ግማሾቹ ተጨፍልቀው ወጡ። የአጋፋሪው ደግሞ፣ ሆሳዕና የለመደ ጣት ነውና፣ ጭራሽ ቀለበት ሆነ። ሊቀመንበሩ ትንሿ ጣቱ ላይ አጠለቀው።

በዓመቱ አጋፋሪው በጉንፋን አልጋ ያዙ። «አሮጊቷን ከማሞቂያው እንዳታርቋቸው! ሊቀመንበሩን መጀመሪያ አስቀምጡት፣ እሱ ካልተቀመጠ ሌላው…» ሲሉ ወይንሸት በሩን ዘጋችባቸው። እፎይ ብላ፣ እንደ ሰው እንግዳ ሆና ልትቀመጥ ሄደች።

ቄጠማው በሥርዓት ተጎዝጉዟል። አየርላንዶቹ ግን ሳህን ይዘው ግድግዳ ተደግፈዋል። ሾርባው ይቀዘቅዛል፤ ቀድሞ የሚቀመጥ የለም።

«ዓባይነህስ?» አለች ሞሪን፣ በር በሩን እያየች።

ወይንሸት አዳራሹን ቃኘች። ለቅሶ ቤት መስሏል። ኧረ ለቅሶ ቤትም እሳቸው ካሉበት ይሞቃል! ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ሊቀመንበሩን በክርኑ ይዛ ወደ ገበታው ገፋችው።

«ለኔ ተዉት!» አለች።