ድምፅ እንደየደረጃው

የመሥሪያ ቤታችንን ታላቅነት ለማያውቅ ሰው ከየት ጀምሬ ላስረዳው? ሌላው ዓለም ድምፅን የሚለካው በጆሮው ነው። እኛ የለካነው በሥራ ደረጃ ነው። ይህን ብርቅ ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ያሰፈርኩት እኔ ነኝና ከእኔ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የእጅ ጽሑፌም ቆንጆ ነው፤ ያላየ ይይልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለአምስት ፎቅ ሕንፃችን ውስጥ እሳት ቢነሣ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገር የተቀዳ ማስታወቂያ ያስፈልጋል ተባለ። አራት ሰዎች ተመረጡ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሰላምታና ምስጋና ያቀርባሉ። ምክትላቸው ስለ እሳት ምንነት ገለጻ ይሰጣሉ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ «አትደናገጡ» ይላሉ። በመጨረሻም፣ የበሮቹን ሁሉ ቁልፍ የያዙት ሽማግሌው ዘበኛ «ሊፍት እንዳትገቡ! በጓሮው ደረጃ ውረዱ!» ይላሉ።

ሁሉም በየፊናው ቀዳ። ሥራ አስኪያጁ ምንጣፍ በተነጠፈበት ቢሯቸው ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ ማይክሮፎኑን በክንድ ርቀት አስቀምጠው ተናገሩ። ትልቅ ሰው ወደ ማይክሮፎን አይጠጋም። ምክትሉ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስለቀዱ እያንዳንዷ ቃላቸው ሁለት ጊዜ ትሰማለች። ኃላፊዋ መኪና ውስጥ ሆነው በስልክ ስለላኩት «አትደናገጡ» ሲሉ ከኋላ ጥሩምባ ይጮሃል። ዘበኛው ግን በር ላይ እንደቆሙ አንዴ ተናግረው ጨረሱ። ሠላሳ ዓመት መኪና ሲያስቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጉሮሯቸው አይታማም።

እነዚህን ድምፆች አንድ ክፍል ውስጥ የተነገሩ አስመስሎ የማስማማቱ ሥራ የድምፅ ባለሙያችን ድርሻ ሆነ። የሊፍቱን የአደጋ ጥሪ ሳይቀር፣ መብራት ቢጠፋም በባትሪ የሚቀዳው የእርሱ ማሽን ነው። ልጁ ሁለት ዓመት በጊዜያዊነት ሠርቷል። የቋሚ ቅጥር ደብዳቤው ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ የሚፈረመው ማስታወቂያው ሲጸድቅ ነው። ለዚያች ፊርማ ያለውን ጉጉት የሚያውቁት ዘበኛው ናቸው፤ የሚወዳት ልጃቸውን ነዋ። «ቋሚ ሳትሆን ልጄን አልድርልህም» ብለውታል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የእኛውን ልጅ ግን የጨነቀው ማግባቱ ራሱ ነው።

እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስብሰባ ተጠራ። ባለሙያው ተነሥቶ፣ «ቀላል ነው፤ የአራቱንም ድምፅ እኩል አደርገዋለሁ» አለ።

አንገት ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ።

«እኩል?» አሉ የሰው ኃይል ኃላፊዋ። «ማን ከማን ጋር?»

«እርስ በርሳቸው ነዋ።»

«ዘበኛውና ዋና ሥራ አስኪያጁ?»

«ኧረ ድምፃቸውን ብቻ ነው!»

«ዛሬ ድምፁን፣ ነገ ወንበሩን!» አሉ ምክትሉ።

ይሄኔ ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ተናገሩ። እንደ ልማዳችን ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ተቀብሎ አስተላለፈልን። በሕይወታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደማያውቁ፣ ወደፊትም በማሽን ተጎትቶ ከፍ እንዲል እንደማይፈቅዱ ነበር የተናገሩት።

በዚሁ መሠረት ውሳኔ ተላለፈ። አንደኛ፣ የዋና ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ጣሪያ ሆኖ ሳይነካ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ የሌላው ሠራተኛ ድምፅ ከዚያ በታች እንደየደረጃው ዝቅ ይላል።

«እሳቸው ራሳቸው በቅጡ አይሰሙም እኮ! ከዚያ በታች ከወረድኩ ዘበኛው ጭራሽ ይጠፋሉ» አለ ባለሙያው።

«በአክብሮት ላዳመጠ ይሰማሉ» አሉ ኃላፊዋ። «ደግሞ ድምፃቸው ቁጣ ቁጣ ይላል። ማሽንህ ላይ ትሕትና የሚል ቁልፍ የለም?»

«ወፍራምና ቀጭን ነው ያለው።»

«በል ቀጭን አድርገው።»

ልጁ አንዴ እኛን፣ አንዴ ደብዳቤውን አየና ተቀመጠ። ምን ያድርግ? ማታ የወደፊት አማቱን ድምፅ በገዛ እጁ አቀጠነው፤ አሳነሰው። በማግስቱ ዘበኛው ሊሰሙ መጥተው ጆሯቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፉ።

«የኔስ የታል?»

«አለ አባባ። ደረጃዎን ጠብቆ ነው ያለው።»

«አይ ልጄ» አሉና ወደ በራቸው ተመለሱ። ማስታወቂያው በጭብጨባ ጸደቀ። ደብዳቤው ሰኞ ይፈረማል ተባለ።

ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ አስኪያጁ ብዕራቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተረሳ ማንቆርቆሪያ መጋረጃ አቀጣጠለ። ጭሱ ተነሣ፤ ማስታወቂያውም ጀመረ። ሠራተኛው በሥነ ሥርዓት እጁን ጆሮው ላይ ደግኖ ድምፅ ማጉያው ሥር ተሰበሰበ። ምስጋናውን ገመትን፤ ገለጻውን ጠረጠርን። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጆሮ ያለውም አልሰማ። ሥራ አስኪያጁም አልሰሙምና ሊፍት ውስጥ ገቡ። መብራት ጠፋ፤ ሊፍቱም ቆመ።

ያተረፈን የዘበኛው ጉሮሮ ነው። ደረጃውን እየዘለሉ ወጥተው፣ «ምን ትገተራላችሁ? በጓሮው! በጓሮው!» ሲሉ ሕንፃው ተንቀጠቀጠ። ሁላችንም ወረድን። ሲቆጠር አንድ ሰው ጎደለ። ሽማግሌው ብረት ይዘው ተመለሱና በየፎቁ የሊፍት በር ላይ ጆሯቸውን ደቀኑ። አንዱ ጋ የሆነ ማጉተምተም ሰሙ።

«ማነው? አልሰማሁም! ከፍ ያድርጉት!»

ማጉተምተም።

«ከፍ!»

«ኧረ በናታችሁ አውጡኝ! ኡኡ! የሰው ያለህ!»

እኛ ግቢ ውስጥ ቆመን ጥርት አድርገን ሰማነው። ዘበኛው በሩን ፈልቅቀው ሲያወጧቸው፣ «ጌታዬ፣ ይህን የመሰለ ድምፅ ይዘው እስከዛሬ የት ደብቀውት ነበር?» አሏቸው።

ከሰዓት፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ እዚያው ቢሮ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጥን። «ከሊፍቱ ባለቤቱ ያልታወቀ ድምፅ ተሰምቷል» ብዬ እንድጽፍ ታዘዝኩ፤ በቆንጆ ጽሑፌ ጻፍኩ። ቀጥሎ ዘበኛው ከጣሪያው በላይ በመጮሃቸው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው ምክትሉ ሐሳብ አቀረቡ። ኃላፊዋ ደገፉ።

ባለሙያው ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል፤ ለካ ልጁም ይናደዳል።

«ውሳኔውን አልነካም» አለ። «ጣሪያው የዋና ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ነው አይደል? እንግዲያው ዛሬ የሊፍቱ ጥሪ አዲስ ጣሪያ ቀድቶልኛል። ከዚህ በታች ለሁላችንም ሰፊ ቦታ አለ። ላሰማችሁ?»

ማሽኑን ነካ። «ኧረ በናታ—»

«እኩል አድርጋቸው!»

ይህን ያሉት ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ማንም አላስተላለፈልንም፤ እበር ድረስ ተሰማ። ደብዳቤውንም እዚያው ፈረሙ። የማስጠንቀቂያውን ነገር ዳግመኛ ያነሣ አልነበረም። «እኩል» የምትለዋን ቃል ስጽፍ እጄ አልለመዳትምና ጽሑፌ ተበላሸ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘበኛው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣ «በል ልጄን ውሰድ» አሉት። «ግን በድምፅ እኔን ነው የወጣችው። አንዴ አቅጥነኸኛል፤ እሷን እሞክራለሁ ብትል ውርድ ከራሴ።»

ሊፍት ውስጥ የጮኸው ሰው ማንነት ግን ገና አልታወቀም። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሰብሳቢው ዋና ሥራ አስኪያጁ ናቸው።