ቆረቆንዳውና መሐላው

«እኔ ቤንዚኑ ውስጥ ላምባ ስቀላቅል አይተኸኛል?» አለ አያ ሰይድ።

«እኔ አላየሁም። ሞተሩ ግን ሳያይህ አልቀረም፤ ይኸው አልነሳም ብሏል» አለ አባቴ።

ጠቡ እዚህ ሲደርስ እኔ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ የመፍቻ ቁልፎች ታቅፌ ቆሜያለሁ። ስለ ሞተር አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ሲነሳ ማንም ለምን ተነሳ ብሎ አይጠይቅም። አልነሳ ሲል ግን በአካባቢው ያለው ሰው ሁሉ መካኒክ ይሆናል፤ መካኒክ መሆን ያቃተው ደግሞ ተከሳሽ ይሆናል። ሦስተኛ ዓይነት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ለካ አለ፤ ምክንያቱን እያወቀ ዝም የሚል። እሱም እኔ ነኝ።

አባቴና አያ ሰይድ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር እርሻቸው ኩታ ገጠም ነው። ጉድጓዱን አብረው ቆፈሩ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተሩንም አብረው ገዙ። በፋሲካ አያ ሰይድ እኛ ቤት መጥቶ የእሱ ቤተሰብ የሚበላውን በግ በገዛ እጁ ያርድ ነበር። በረመዳን ደግሞ ጾመኛው ሰው በዚህ በቆላ ፀሐይ እንዳይደክም ብሎ አባቴ የአያ ሰይድን ሽንኩርት ራሱ ያጠጣለት ነበር። «ነበር» እያልኩ እንደምጽፍ ልብ በሉልኝ።

ክረምት ሲገባ ሞተሩ እኛ ጓዳ ይቀመጣል። ጠባቂዋ እኔ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ ስሜ ዘነቡ ይባላል። የተወለድኩት ዝናብ በጠፋበት ዓመት ነው አሉ፤ በእኔ ስም ዝናቡን ለማሳፈር የታሰበ ይመስለኛል። አምና ክረምት አንዲት አይጥ የሞተሩ ማርሚታ ውስጥ፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብታ ወልዳ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ የጓዳው ዋና ኃላፊ የሆንኩት እኔ፣ ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልዬ ማርሚታው ውስጥ ወተፍኩ። ከውጭ ከታየ አንዱ ይነቅለዋል ብዬ ሰጋሁና በእንጨት እየገፋሁ ወደ ውስጥ ከተትኩት። ሥራዬ እንከን አልነበረውም። ቆረቆንዳውን ከሰው ዓይን ብቻ ሳይሆን ከራሴም ሐሳብ ሰወርኩት።

ክረምቱ ወጣ። ሽንኩርቱ በመጨረሻው ዝናብ እርጥበት ተተከለና ብዙም ሳይቆይ ጫፍ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ሞተሩ ከጓዳ ወጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተተከለ። ቤንዚን የማምጣቱ ተራ የአያ ሰይድ ነበር፤ ማደያ ስላጣ ጎብዬ ድረስ ሄዶ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡት ገዛ።

አባቴ ገመዱን ሳበ። አያ ሰይድ ሳበ። ደግሞ አባቴ። ሞተሩ አፉን እንደታፈነ ሰው አንዴ «እህ» ብሎ ጸጥ አለ። ቆረቆንዳውን ያስታወሰችኝ ያቺ «እህ» ናት።

ታዲያ ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ግን ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ጣልቃ አይገባም ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ ወሬው የሚቋረጥበትን ክፍተት ጠበቅሁ። የእኛ ሰፈር ጠብ ግን ክፍተት ያለው አይደለም። «አባ» ስል፣ «አሥር ቁጥር ቁልፍ አቀብይኝ» ይለኛል። «አያ ሰይድ» ስል፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ይነሳል» ይለኛል። እንዲህ ብሎ ለሚያጽናና ሰው ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ማለት እንዴት ይቻላል?

ከቆቦ የባጃጅ መካኒክ ተጠራ። ካንዴላውን ፈትቶ በሸሚዙ ጠረገ። ካርቡራተሩን በአፉ ነፋ። የአየር ማጣሪያውን አራገፈ። ገመዱን ሲስበው ከበደውና ሞተሩ አርጅቷል አለ፤ ሞተሩ ግን ከእኔ ታናሽ ነው። ማርሚታው ከጉድጓዱ በወጣው የአፈር ክምር በኩል ስለነበር ማንም ዞሮ አላየውም። በመጨረሻ ቤንዚኑ ውስጥ ጣቱን ነክሮ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ፣ ከዚያም ላምባ አለበት ብሎ ፈረደ። ፈርዶም ወደ ቆቦ ተመለሰ። ወሬዬን የጀመርኩበት ጠብ የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው።

አያ ሰይድ ላምባ ካለበትም ሻጩ የቀላቀለው ይሆናል አለ። አባቴ ግን ቢጫውን ሽንኩርት አንዴ፣ ጠርሙሱን አንዴ እያየ ነገሩን አከረረው። ግማሹን ቤንዚን ለባጃጆች ሸጠህ በላምባ የሞላኸው አንተ ነህ አለው። ከዚያም፣ ያልተናገረው ቢሆን ብዬ እስከ ዛሬ የምመኘውን ቃል ተናገረ።

«እንግዲያው ማልልኝ።»

እኛ አገር ማል የሚባለው ድንበር ገፋ፣ ከብት ነዳ ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ነው። አብሮ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ማል አይባልም። አያ ሰይድ አባቴን ረጅም ጊዜ አየው።

«እኔን ነው፣ ሲሳይ?» አለ።

ሁለቱም ዝም አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቃት የነበረችው ክፍተት መጣች ማለት ነው፤ ደግሞም ሰፊ ነበረች። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት።

ፓምፑ አስቀድሞ ውሃ ካልተሞላበት አየር እንጂ ውሃ አይስብም። ለዚህ ብሎ አያ ሰይድ አስፋልቱ ዳር ካለው ቦኖ በራሱ ጀሪካን ያመጣት ውሃ ነበረች። ጀሪካኑን አዘነበለና በእሷ ውዱእ አደረገ፤ እጁን፣ ፊቱን፣ እግሩን፣ ሳይቸኩል እስክታልቅ ድረስ።

«ወላሂ» አለ፤ «ከሻጩ እንደተቀበልኩት ነው ያመጣሁት። ጠብታ አልጨመርኩበትም።»

የእኔ እግር የተንቀሳቀሰው መሐላው ካለቀ በኋላ ነው። ሽቦ አነሳሁ፣ በአፈር ክምሩ በኩል ዞርኩ፣ ጨርቁን በሽቦው ይዤ ጎተትኩ። ቆረቆንዳው ከአምና የቀረ ጥላሸት ለብሶ ወጣ። መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው።

«እኔ ነኝ፤ ለአይጥ ብዬ» አልኩ።

ያን ያህል ሰዓት አምጬ የወለድኩት ንግግር ይኸው ነው፤ አራት ቃል።

አባቴ ቆረቆንዳውን አየ። አያ ሰይድን ግን ማየት አልቻለም። እጁን ምን እንደሚያደርገው ስለጠፋው ገመዱን ሳበ። ሞተሩ በአንድ ጉተታ ተነሳ። ያ ላምባ አለበት የተባለው ቤንዚን መንደሩን በጩኸት ሞላው። ውሃ ብቻ አልመጣም። ቱቦው አየር እየማገ ይንተፋተፋል፤ የፓምፑ ውሃ መሐላ ላይ ውሏል። አባቴ ፓምፑ እንዳይቃጠል ብሎ ሞተሩን አጠፋው።

ሁላችንም ባዶውን ጀሪካን አየን። አያ ሰይድ ጎንበስ ብሎ አነሳውና ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ቦኖው አቅጣጫ መሄድ ጀመረ። የአባቴ ፊት በራ። «ውሃ ሊያመጣ ነው። ሰይድ ቂም አያውቅም» አለኝና ቱቦውን ማስተካከል ያዘ። እኔም ሲመለስ እለዋለሁ ብዬ የይቅርታ ቃል በልቤ መደርደር ጀመርኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ክፍተት አልጠብቅም ብዬ ወስኛለሁ።

አያ ሰይድ ቦኖው ጋ ደረሰ። ጀሪካኑን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ከዚያ ቦኖውን አልፎ ሄደ።