ቡሽ የሌለው ጠርሙስ

እናንተ፣ ወይን ጠጅ ስትገዙ ክዳኑን ታያላችሁ? እኔ አያለሁ። ያውም መነጽሬን አድርጌ፣ ጠርሙሱን ገልብጬ። ባለሱቁ "አባባ፣ ኧረ አይፈስም!" ይለኛል። እሱ ምን አለበት!

ሐሙሲት ከተማ የደረሰብኝን አላየ። ሽማግሌ ሆነን ሄደን፣ ልጅቱ ከተፈቀደችልን በኋላ ቡሹ አልወጣ አለ። መክፈቻ የለም። በቢላዋ ቢሞከር ተፈረፈረ። በመጨረሻ በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ብገፋው፣ ወይኑ ተፈናጥሮ የልጅቱ እናት ነጭ ቀሚስ ላይ አረፈ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ገበያ ሲያገኙኝ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው ሰላም የሚሉኝ።

ታዲያ ለወንድሜ ልጅ ለይበልጣል ሽማግሌ ስንላክ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዘውን መረጥሁ። አብሮኝ የተላከው ባልንጀራዬ ጌትነት ተቆጣ። "የዘይት ክዳን ይዘን ነው ልጅ የምንጠይቅ? ልታዋርደን ነው?" አለኝ። የሰው ቀሚስ ከማበላሸት ይሻላል አልሁት።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። የልጅቱ አባት አቶ ሙሉቀን ሽማግሌ ማመላለስ ይወዳሉ። "እንምከርበት" ካሉ አለቀ፤ ጾሙ ይገባል፣ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ ይሆናል። ይበልጣልን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሩቅ ከተማ አዛውሮታል። ልጁ ሳያገባት ሊሄድ ነው።

ፋሲሎ ሰፈር፣ ቤታቸው ገባን። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ እሺ ሳይባል መጠጥ አይከፈትም። ከተከፈተ ግን ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው። የመጣንበትን ተናገርን። አቶ ሙሉቀን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ፣ እንም..." ሲሉ ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ ወደቀ።

"ይኼ ቡሹ የታለ?"

"የለውም፤ ይጠመዘዛል" አልኋቸው።

"ወይን ጠጅ? እንዴት ብሎ!" ብድግ አደረጉት። "ወዴት ነው የሚዞረው? ወደዚህ?"

ኧረ ቀስ ይበሉ ልላቸው አፌን ስከፍት...

ቀጭ!

ወዲያው ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ለካ እናትዮዋ ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ኖሯል! ጌትነት ተነሥቶ "እግዜር ይስጥልን! ተከፈተ!" እያለ የአቶ ሙሉቀንን ትከሻ ይስማል። እሳቸው ክዳኑን መልሰው ያጠብቃሉ።

"ኧረ ቆዩ፣ ላየው ብዬ ነው! ይኸው ከደንሁት!"

"አይ እርስዎ!" አሉ ባለቤታቸው ብቅ ብለው። "እልልታውንስ በምን ሊከድኑት ነው?"

አቶ ሙሉቀን ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "በሉ ብርጭቆ አምጡ" አሉ።

ጾሙ ሳይገባ ሠርጉን ደግሰን፣ ሙሽሮቹን ወደዚያች ሩቅ ከተማ ሸኘናቸው።

ሰሞኑን ደግሞ ለታናሿ ልጃቸው ሽማግሌ ሊመጣባቸው ነው። አቶ ሙሉቀን እኔን አስጠሩኝ። "ሰዎቹን ታውቃቸዋለህ አሉ። ቡሽ ያለው ካልያዙ ከደጄ እንዳይደርሱ ንገርልኝ" አሉኝ።

እኔ መቼም መጨነቅ አልተውም፤ "መክፈቻውስ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እሱን" አሉ፣ ኪሳቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ "እኔው ይዤዋለሁ።"