የአያ ጥሩነህ አውራ ጣት

ሰው የሚጣላው ከማይመስለው ጋር ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ሰው አጥብቆ የሚጣላው ከሚመስለው ጋር ነው። የጎጃም ገበሬ ከመርከበኛ ጋር ተጣልቶ ያውቃል? የት አግኝቶት! ሾፌር የሚጣላው ከረዳቱ ጋር ነው፤ ቄሱ ከዲያቆኑ፣ አማት ከምራቷ። እኔም ፖሊስ ሆኜ ባገለገልኩበት ዘመን ሁሉ ሌባ ጠልቼ አላውቅም። ሌባማ እንጀራዬ ነው፤ ሰው እንጀራውን ይጠላል? አምርሬ የምጠላው ዋርድያ ነበር። ዋርድያ የምለው የማረሚያ ቤት ጠባቂውን ነው። እነሱ ይህን ስም ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል፤ እኛም ይህን ስለምናውቅ ሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም።

ለማያውቅ ላስረዳ። ፖሊስ ተጠርጣሪ ይይዛል። ፍርድ ቤቱ «ማረሚያ ቤት ይቆይ» ሲል ያው ፖሊስ ሰውየውን አጅቦ ወስዶ ለዋርድያ ያስረክባል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው፤ ጠቡም የሚጀምረው እዚያችው የርክክብ በር ላይ ነው። እኛ በክረምት ወንዝ ለወንዝ ተንከራተን ያመጣነውን ሰው እነሱ በግ እንደሚገዛ ሰው አገላብጠው ያዩታል። ይኼ ጭረት ምንድነው? ይቺ እብጠት ከየት መጣች? እኛ «በዝናብ የምንይዝ እኛ፣ በጥላ የምትቆጥሩ እናንተ» እንላቸዋለን። እነሱም መልስ አያጡም። «እናንተ አንድ ቀን ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ አብረን የምንታሰረው እኛ ነን። እሱስ አምስት ዓመት ተፈርዶበት ነው፤ እኛ ያለ ፍርድ ሃያ ዓመት» ይሉናል። ይቺን ስሰማ ሆዴ «እውነታቸውን ነው» ይል ነበር። አፌ ግን አንድ ቀን እንኳ ብሎት አያውቅም።

ነገሩ የሆነው ቢቸና ነው ወይስ ሞጣ? አልነግራችሁም። በሁለቱም ሠርቻለሁ፤ በሁለቱም ለቅሶ የሚደርሱልኝ ሰዎች አሉኝ። ስለዚህ የቢቸና ሰው ሞጣ ነው ብሎ ይሳቅ፤ የሞጣም ሰው ቢቸና ነው ብሎ ይሳቅ፤ ማንም አይከፋው። ዘመኑን ግን አልደብቅም። ሞባይል እኛ ዘንድ ገና ሳይደርስ፣ ወህኒ ቤቱ «ማረሚያ ቤት» ተብሎ በአዲስ ታፔላ ከተጻፈ በኋላም ሰዉ ሁሉ ገና «ወህኒ» እያለ ይጠራው በነበረበት ጊዜ ነው።

በአንድ የነሐሴ ጠዋት አያ ጥሩነህ የሚባሉ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ገበሬ አስረክብ ተባልኩ። በድንበር ጠብ የጎረቤታቸውን ራስ በዱላ ፈንክተው ነው የተከሰሱት። ሰውየው ድኗል፤ ወንድሞቹ ግን ቂማቸው ገና አልዳነም ነበር። አያ ጥሩነህ እጃቸውን ለካቴና ሲዘረጉልኝ እንኳ «ልጄ፣ አንተም ሥራህ ነው» ያሉኝ ጨዋ ሰው ናቸው። አፈርኩና ሳላስራቸው ወጣን። መንገድ ላይ ግን ድንጋይ የእግራቸውን አውራ ጣት መታውና ደም ብቅ አለ። ማን እንቅፋት አይመታውም? እኔም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

በር ላይ የጠበቀኝ አስር አለቃ ምናለ ነበር። ይህ ሰው መርጡለ ማርያም ቅኔ ቤት ገብቶ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ክርክሩን ግን ያላቋረጠ ሰው ነው። የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አነበበ፣ ማኅተሙን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየ፤ በዚያ ቀን ፀሐይ አልነበረም። ከዚያ ከራስ ጠጉር ጀምሮ ቁልቁል እየፈተሸ ወረደና አውራ ጣታቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይኼ ቁስል ነው» አለ። እንቅፋት ነው አልኩት። እንቅፋትም ቢሆን ቁስል ነው፤ ያለ ጤና ጣቢያ ወረቀት አልረከብም፤ ነገ ዘመዶቻቸው መጥተው ዋርድያ ደበደባቸው ቢሉ መልሱን የምትሰጠው አንተ ነህ ወይ አለኝ። እኔም ለአንድ የእግር ጣት ወረቀት ካስፈለገ ለቀሪዎቹ ዘጠኙም ይጻፍላቸው ወይ አልኩት።

እዚህ ላይ የቦታውን አቀማመጥ ልንገራችሁ። ማረሚያ ቤቱ ሁለት በር አለው። የውጭው የቆርቆሮ በር ቀን ቀን ስንቅ ለሚያመጡ ዘመዶች ክፍት ነው። የውስጠኛው ብረት ነው፤ እሱን ያለፈ ሰው በቃ ታስሯል። በሁለቱ በሮች መካከል አንዲት ድንጋይ አለች። አያ ጥሩነህ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛ በላያቸው እንጯጯሃለን። በመሐል «እንግዲያው እኔው ደርሼ ወረቀቱን ላምጣው» የሚል ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል። ግን ምናለ «ፖሊስ ድሮም» ብሎ ነገር ጀምሮ ስለነበር ያንን ሳልመልስ ሌላ ነገር ማዳመጥ አልቻልኩም። ድሮም ምን? ድሮም ምን ልትል ነው?

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ግን ሳሩ ተነሥቶ ሄደ። ዘወር ስንል ድንጋይዋ ብቻዋን ቁጭ ብላለች።

እስረኛ ያስመለጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ? ራሱ ይታሰራል። ያውም እዚያው! እኔ በሰባት ዓመት ውስጥ ያመጣኋቸው ሰዎች በሙሉ ተሰልፈው «እንኳን ደህና መጣህ ሳጅን» ሲሉኝ ታየኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ ገና ጥርስ አላወጣችም። ያም ሆኖ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «በሩን ካለፉ በኋላ የናንተ ናቸው» የሚል ነው። ምናለም ፊቱ አመድ መስሎ «ሳልፈርም? ያንተ ናቸው!» አለ። ከዚያ ሁለታችንም ድንጋይዋን አየናት። ከውጭው በር ወዲህ ናት፤ ከውስጠኛው በር ወዲያ ናት። ዳኛ ቢያያት ሁለታችንንም ያስራል እንጂ አንዳችንን አይለቅም። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማማነው ያኔ ነው።

ምናለ ሆዱን ይዞ ለባልደረባው «ቆርጦኛል፣ ለአፍታ ተካኝ» አለና ወጣ። እኔ ወደ መናኸሪያ፣ እሱ ወደ ገበያ በረርን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔም ከመናኸሪያው ሳልደርስ ቦይ ውስጥ ገብቼ በጉልበቴ ተደፋሁ፤ ሱሪዬም ተቀደደ፣ ጉልበቴም ተላጠ። አውቶቡሶቹን አንድ በአንድ ብፈትሽ አያ ጥሩነህ የሉም። እያነከስኩ ወደ ድንጋይዋ ስመለስ ምናለም ከገበያ እየተመለሰ ነው፤ በሩጫ ላይ የአንዱ ነጋዴ ዳስ ቋሚ ግንባሩን ብሎት ሎሚ የሚያህል እብጠት አውጥቷል። እሱም አላገኛቸውም።

ልንላቀስ ነበር። ምናለ ግን አንገቱን ደፍቶ ድንጋይዋን ሲመለከት ቆየና ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ አወጣ። «እናንተ ሰው እንዴት እንደሚሸሽ ታውቃላችሁ፤ እኛ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ እናውቃለን። ይኼ ሰውዬ አቀማመጡ የሸሺ አልነበረም። ጫማውን አውልቆ ተደላድሎ ነበር። የሚያመልጥ ሰው ደግሞ አንዱን አጥልቆ አንዱን ትቶ አይሄድም» አለኝ። እውነት ለመናገር ገረመኝ። እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ ስከራከር ምናለን ነበር የማየው፤ እሱ ግን እየተከራከረ እስረኛውን ያይ ነበር። የዋርድያ ሥራ ጥላ ሥር ተቀምጦ መቁጠር ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ።

እንግዲህ ተራው የእኔ ነው። ጭቃ ነው፤ አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ሰው ፈለግ ለፖሊስ እንደ ደብዳቤ ይነበባል። ከውጭው በር አልፎ ወደ መናኸሪያ አይደለም፣ ወደ ገበያም አይደለም፤ ወደ ላይ ወደ ዳገቱ ነው። ኮንጎ፣ ባዶ፣ ኮንጎ፣ ባዶ። ምናለ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ቆይቶ «ፖሊስ ድሮም ዓይን አለው» አለ። እኔም የጠዋቱን «ድሮም» ይቅር አልኩት። ዳገቱ ላይ ያለው ጤና ጣቢያው ነው። ይኼኔ ምናለ ግንባሩን በመዳፉ መታ፤ ያበጠውን ቦታ ረስቶት ኖሮ ጮኸ።

አያ ጥሩነህ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ወረፋቸውን ጨርሰው፣ አውራ ጣታቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ወረቀታቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ሲያዩን ተቆጡን። «ነግሬያችሁ አልነበር? ማን ሰማኝ! ከናንተ ጩኸት የጣቴ ሕመም ይሻላል ብዬ መጣሁ» አሉን። ለምን አልጠፉም ብሎ ምናለ በድፍረት ጠየቃቸው። የት ልሂድ አሉ፤ ቤቴ ብሄድ የሰውየው ወንድሞች አድፍጠዋል፤ ውጭ ከሚጠብቀኝ ሰው ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው አይሻልም? ሁለታችንም ተራ በተራ ጉልበታቸውን ሳምን። ሰው ወህኒ ልግባ ብሎ ስለተሰለፈ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ግን የፈረቃው ኃላፊ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። ሦስታችንን ተራ በተራ አየን። እስረኛው ንጹሕ ናቸው፤ ጣታቸው እንኳ እንደ ሙሽራ ተሸልሟል። ፖሊሱ ሱሪው ተቀዷል፣ ጉልበቱ ይደማል። ዋርድያው ግንባሩ አብጧል። ኃላፊው የክስ ወረቀቱን አገላበጠ፤ ተጠርጣሪው የታሰረበት ወንጀል ምንድነው? ሰው መደብደብ። «ሽማግሌው ሁለታችሁንም በጥፊ አበራዩዋችሁ ማለት ነው? በሉ፣ ሌላ ክስ ይጨመርላቸዋል!» አለና ብዕሩን አወጣ።

በዚያች ቅጽበት ሁለት መንገድ ብቻ ነበረን። አይደለም፣ ጠፍተውብን ስንፈልግ ነው ብንል እኛ እንታሰራለን። ዝም ብንል ንጹሕ ሰው ባልሠራው ይከሰሳል። ምናለን አየሁት፤ አየኝ። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ምናለም ከፈተ። ከሁለታችንም አንዲት ቃል አልወጣችም። እንደዚያች ቅጽበት በራሴ አፍሬ አላውቅም።

የተናገሩት አያ ጥሩነህ ናቸው። «እኔን የሚነካ ነገር የለበትም ልጄ። እነሱው እርስ በርሳቸው ተደባደቡ። በአንድ የእግር ጣት ተጣልተው ነው። የገላገልኳቸው እኔ ነኝ» አሉ።

ኃላፊው ጠየቀ? ምስክር ፈለገ? በፍጹም! ፖሊስና ዋርድያ ተደባደቡ ሲባል ማን ማስረጃ ይጠይቃል? «አውቄው ነበር!» ብሎ ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። ለሁለት መሥሪያ ቤት ክብር ሲባል ነገሩ በወረቀት እንዳይሄድ፣ በሽምግልና እንዲያልቅ ወሰነ። ሽማግሌ ማን ይሁን? የገላገለ ያስታርቅ ተባለ። ስለዚህ ራስ በመፈንከት የተከሰሱት አያ ጥሩነህ በዚያችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ እኔና ምናለ በፊታቸው ቆመን፣ ጠብ የሰይጣን ሥራ መሆኑን ረጅም ምክር መከሩን። ከዚያ ተሳሳሙ አሉን። ተሳሳምን። ምናለም በጥሩ ጽሕፈት «ከነሙሉ ጤናቸው ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈረመልኝ።

ጣቢያ ስመለስ ወሬው ቀድሞኛል። ጓዶቼ ለምን ተደባደብክ ብለው የጠየቁኝ ይመስላችኋል? አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም። ሁሉም የጠየቁት «ማን ጣለ?» ብለው ነው። ምን ልበል? የመሥሪያ ቤት ክብር አለ። «ግንባሩን ሄዳችሁ እዩት» አልኳቸው። ጣቢያው በጭብጨባ ተናወጠ። ለካ በዚያች ሰዓት ምናለም ለባልደረቦቹ «ጉልበቱን አላያችሁትም? ያንበረከክሁት እኔ ነኝ» እያለ ኖሯል። በማግስቱ ይህን ስሰማ በቀጥታ ወደ ማረሚያ ቤቱ ሄድኩ፤ እሱም ወደ ጣቢያው ሲመጣ መንገድ ላይ ተገናኘን። እንግዲህ እውነተኛው ጠብ የተጀመረው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለወር ያህል አልተነጋገርንም።

ዛሬ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተን አንድ ማኅበር እንጠጣለን። ከምናለ የሚበልጥ ወዳጅ የለኝም፤ ስለ ሰው የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ ሰውም አላየሁም። ይህን ፊት ለፊቱ እናገራለሁ። እሱም እኔን ያመሰግናል። አያ ጥሩነህም ከተፈቱና ከባላንጣዎቻቸው ከታረቁ በኋላ፣ እስኪያርፉ ድረስ፣ ሁለታችንን ባዩ ቁጥር ይስቁ ነበር። ያን ቀን አንዳችን በአንዳችን ላይ እጅ እንዳላነሣን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ግን እንዲያው እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ፣ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ።